ቀለምና ተሸካሚው፤ ስለ ሥዕል ትምህርት በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ



የኢትዮጵያ ሰው ለአንድ ቃል ሦስት ሥራ ሰጥቶታል፤ ቃሉም ቀለም ነው። ጸሐፊው ብርዑን የሚጠቅስበት ጥቁሩ ውሃ ቀለም ይባላል። ሠዓሊው የሚቀባው ቀዩና ቢጫው ቀለም ይባላል። ተማሪው በጉባኤ የሚቈጥረው ትምህርትም ቀለም ይባላል፤ አእምሮው የበራ ተማሪ ሲገኝም የቀለም ልጅ ተብሎ ይመሰገናል። ነገር ግን ቀለም የሚያድርበትን ነገር፥ ማለት ብራናውን፥ ሳንቃውን፥ ጨርቁንና ግድግዳውን፥ በእንዲህ ያለ ክብር የሚጠራው የለም። ቀለም ይመሰገናል፤ ተሸካሚው ይረሳል። የዛሬው ንግግር ስለዚህ ስለ ተረሳው ተሸካሚ ነው፤ እርሱ ሲረሳ ምን እንደሚጠፋ በዚሁ ደብር ታይቷልና።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች፥ ለበዓሉ ይደርሳል ብለው፥ በአዳራሹ የውጭ ግድግዳ ላይ መልአክ ሣሉ። ቀለሙ ለቤት ተገዝቶ ከተረፈ ጣሳ የተገኘ ነበረ፤ ግድግዳውም በቅርብ ተለስኖ ገና እርጥበቱን ያልጨረሰ ነበረ። ክረምቱ ገባ፤ ዝናሙ ግድግዳውን ደበደበው። በመስከረም ደመናው ሲገፈፍ የመልአኩ ክንፍ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ከግንቡ ሥር ወድቆ ተገኘ። ትልልቁ ሰው «የልጅ ሥራ ነው» ብሎ አለፈ። ልጆቹ ግን እጃቸው የከዳቸው መሰላቸው፤ ከእነርሱም ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ሥዕሉ ትምህርት አልተመለሱም። እውነቱ ሲመረመር ግን የከዳቸው እጃቸው አይደለም፤ ግድግዳው ነው። ግድግዳውንና ጣሳውን የመረጠላቸውም ልጅ ሳይሆን ዐዋቂ ሰው ነው።

አሁን በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ምክንያት ምእመናን ለሥዕሉ ትምህርት ገንዘብ አዋጥተዋል። ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል በተባለ ጊዜ ሦስት ዐይነት ምክር ተሰማ። አንደኛው ወገን፥ ከውጭ ሀገር የመጣ የዘይት ቀለምና በእንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ ይገዛላቸው፤ ታላላቆቹ ሠዓልያን የሚሠሩት በእርሱ ነውና አለ። ሁለተኛው ወገን፥ በዚህ በአቃቂ ቃሊቲ ቀለም የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ሳሉ ስለ ምን ገንዘብ ይባክናል፤ የተረፈው በጣሳ ተለምኖ ይምጣ አለ። ሦስተኛው ወገን፥ የቀደሙ አባቶች ያለ ፋብሪካ ከአፈርና ከድንጋይ ቀለም ያወጡ ነበር፤ ልጆቹም እንዲሁ ያድርጉ አለ። ሦስቱም የተናገሩት ለልጆቹ ከማሰብ ስለ ሆነ የሚናቅ ምክር የለበትም። ነገር ግን ሦስቱም ስለ ቀለሙ ብቻ ተናገሩ እንጂ፥ ቀለሙ በምን ላይ እንደሚያርፍ፥ የሚቀባውስ ማን እንደ ሆነ አልጠየቁም። ሥዕል የሚያስተምር ሰው ቀለም ከመምረጡ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ይህን ነው፤ ገጹ ምንድር ነው? ሥዕሉ ለመለማመድ ነው ወይስ ለመኖር? ብሩሹን የሚይዘው ሕፃን ነው ወይስ ጐልማሳ?

አስቀድሞ ቀለም ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ማንኛውም ቀለም፥ ዋጋው ርካሽም ይሁን ውድ፥ ከሁለት ነገር የተሠራ ነው። አንደኛው መልኩን የሚሰጠው የደቀቀ ዱቄት ነው፤ ሁለተኛው ዱቄቱን እርስ በርሱና ከገጹ ጋራ የሚያያይዘው ማያያዣ ነው። ዱቄቱ አንድ ሆኖ ሳለ ማያያዣው ሲለወጥ የቀለሙ ስምና ጠባይ ይለወጣል። ከቆላ ግራር በሚወጣ ሙጫ ቢለወስ የውሃ ቀለም ይሆናል። በእንቍላል አስኳል ቢለወስ ፈጥኖ የሚደርቅ፥ ሲደርቅም የሚጠነክር ቀለም ይሆናል። በተልባ ዘይት ቢለወስ የዘይት ቀለም ይሆናል። በ20ኛው መቶ ዓመት በተገኘው በፕላስቲክ ማያያዣ ቢለወስ አክሪሊክ የሚባለው ይሆናል። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውሃ በመትነን አይደለም፤ ከአየር ጋራ እየተዋሐደ በመጠንከር ነው፤ ስለዚህ ቀናት፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ይፈልጋል። የምግብ ዘይት ሁሉ ይህን ጠባይ አላገኘም፤ የወይራ ዘይት ለምሳሌ ለቀለም ቢደረግ ሳይደርቅ ይቀራል። እንግዲህ ሁለት ጣሳዎች በመልክ አንድ ቀይ ሆነው ሳሉ በጠባይ እንደ ውሃና እንደ ዘይት ሊለያዩ ይችላሉ። ቀለምን በመልኩ ብቻ የሚገዛ ሰው፥ ቅኔን በዜማው ብቻ ሰምቶ ምሥጢሩን እንዳልጠየቀ ሰው ነው።

በቅኔ ቤት ወርቁ ከሰሙ በታች እንደሚሰወር፥ በሥዕልም ገጹ ከኅብሩ በታች ይሰወራል። የተሰወረውን የማያዘጋጅ ሰው የሚታየውን ሊያጸና አይችልም። የቀደሙት የኢትዮጵያ ጸሐፍትና ሠዓልያን ይህን ያውቁ ነበር፤ ሥራቸው ይመሰክራል።

ብራናን እንመልከት። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውሃ ይነከራል፤ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጕሩ ይፋቃል፤ በድንጋይ ይታሻል፤ ተወጥሮ ሳለ ይደርቃል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ነው ብርዕ የሚያርፍበት። በዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት የተጻፉትና የተሣሉት በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ነው፤ በዘመናችን የተደረገው የራዲዮካርቦን ምርመራ ብራናቸው ከ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተዘጋጀ መሆኑን አመልክቷል። ይህን ያህል ዘመን የቈየው ቀለሙ ከሌላው ቀለም ስለ በለጠ ብቻ አይደለም፤ ገጹ በሚገባ ስለ ተፋቀ፥ መጽሐፉም ተዘግቶ ከፀሓይና ከዝናም ስለ ተጠበቀ ነው።

ሁለተኛው ገጽ ሳንቃ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የእመቤታችንን ሥዕል በሳንቃ ላይ ሠርቷል፤ በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ የተጠበቀው ሥራ በስሙ ይታወቃል። እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ለማየት ሩቅ መሄድ ለማይችል ሰው፥ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በሚገኘው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ብዙ የሳንቃ ሥዕሎች ይታያሉ። አስተውሎ የሚያይ ሰው ከቀለሙ በታች ነጭ ልባስ እንዳለ ይመለከታል፤ ይህም ከነጭ ድንጋይ ዱቄትና ከሙጫ የተለወሰ ነው። ዳግመኛም በብዙዎቹ ላይ መካከሉ ጐድጐድ ብሎ ተፈልፍሎ፥ ዙሪያው እንደ ክፈፍ ከፍ ብሎ ተትቷል። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይመስልም፤ ሥዕሉ ሲዘጋና ሲከፈት ቀለሙ ከቀለም ጋራ እንዳይፋተግ ይጠብቀዋል። ሠዓሊው ገና ብሩሹን ሳያነሣ በጠራቢው እጅ ሥዕሉ ተጠብቋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ገጽ ጨርቅ ነው። በጎንደርና በጣና ዙሪያ ባሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ በቀጥታ በጭቃው ግድግዳ ላይ አልተሣለም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሆኖ ጨርቁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የጭቃ ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ እርጥበት ይስባል፤ ጨርቅ ግን ትንሹን ስንጥቅ ተሻግሮ ሥዕሉን ይይዛል። ይህ ጥበብ በጎንደር አባ እንጦንስ በተባለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር አስከተለ። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳዮች የምርምር ጕዞ፥ አለቃውም ማርሴል ግሪዮል የነበረው፥ ጎንደር በደረሰ ጊዜ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከነጨርቃቸው ከግድግዳው አነሣቸው። በምትካቸውም ከጕዞው ጋራ የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ግልባጮች ተለጠፉ። የጥንቶቹ ሥዕሎች ዛሬ ያሉት በፓሪስ ከተማ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው።

ይህ ታሪክ ለሥዕል ተማሪ ሁለት ትምህርት አለው፤ አንዱ ሌላውን አያስተወውም። መጀመሪያ፥ ገጹ የሥዕሉን ዕድል ይወስናል። በድንጋይ ላይ የተሣለ ከድንጋዩ ጋራ ይቆማል፥ ከድንጋዩም ጋራ ይወድቃል፤ በጨርቅ ላይ የተሣለ ግን ከፈረሰ ቤት ሊድን ይችላል፥ ከቆመ ቤትም ሊወሰድ ይችላል። ሁለተኛ፥ ተሸካሚውን የማያውቅ ሰው ሀብቱን አያውቅም። በየገጠሩ የሚያረጅ የሥዕል ጨርቅ ጫፉ በተላቀቀ ጊዜ፥ ጨርቁን መልሶ መለጠፍ ሲገባ በላዩ አዲስ የሚያበራ ቀለም ይቀባበታል፤ የታመመው ልብሱ ሲሆን ፊቱን እንደ ማከም ያለ ነው። ዛሬ ልጅን ስለ ገጽ ማስተማር ነገ የአባቶቹን ሥዕል በድፍረት የማይደመስስ ሰው ማሳደግ ነው። ከሥዕል ትምህርት ሌላ ፍሬ ባይገኝ እንኳ ይህ አንዱ ፍሬ ለደብሩ ይበቃል።

አሁን ነገሩ ወደዚህ ሰፈር ይመለስ። አቃቂ የቆመችው በመረሬ ላይ ነው። መረሬ በበጋ ጕልበት ድረስ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። መሠረቱ ጠልቆ ያልተሠራ ግንብም ከመሬቱ ጋራ ከፍና ዝቅ ይላል፤ በበሩና በመስኮቱ ማዕዘን ሰያፍ የሆነ ስንጥቅ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚህም ጋራ አዲስ የሲሚንቶና የኖራ ልስን በውስጡ የሚያቃጥል ኀይል አለው፤ አንዳንድ ቀለሞችን፥ በተለይም የፕሩሲያ ሰማያዊ የሚባለውን፥ መልኩን ያጠፋዋል። ልስኑ ሳይደርቅ ቢቀባም እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከስሩ ይገፋዋል። የልጆቹ መልአክ ክንፉን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በዚህ ደብር ተማሪ በግድግዳ ላይ አይጀምር፤ የለመደውም ቢሆን በሳንቃ ወይም በጨርቅ ላይ ሠርቶ ሥራው ወደ ግድግዳው ይሰቀል እንጂ ግድግዳውን ራሱን አይመን። በግድግዳ ላይ መሥራት ግድ ቢሆንም ልስኑ ቢያንስ ከአንድ ወር በላይ፥ ክረምት ከሆነ ደግሞ እስከ በጋ ድረስ ይቈይ።

የዚህ ሀገር ፀሓይም መታሰብ አለባት። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ብርሃኑ ብርቱ ነው፤ ከአበባና ከርካሽ ማቅለሚያ የተሠራ ቀለም በመስኮት አጠገብ ቢሰቀል ጥቂት ዓመት ሳይቈይ ይገረጣል። ከአፈር የወጣው ቀይና ቢጫ ግን የብረት ዝገት ያለበት ስለ ሆነ ፀሓይ አያሸንፈውም። በቤተ መቅደስ ውስጥ ደግሞ የጧፍ ጥላሸትና የዕጣን ጢስ አለ፤ የሚሳለመው ሰው እጅም አለ። እንግዲህ በዚያ የሚቀመጥ ሥዕል ከደረቀ በኋላ በቫርኒሽ ሊሸፈን፥ እጅና ጧፍ ከማይደርስበት ከፍ ብሎ ሊሰቀል ይገባል። ለመለማመድ የተሠራው ግን ይህ ሁሉ ወጪ አያስፈልገውም።

ስለ ጣሳው ቀለም የተሰጠው ምክር በጥንቃቄ ይታይ። በፋብሪካ ውሎ የሚገባ አባት፥ ለልጁ ብሎ የተረፈ ቀለም ይዞ ቢመጣ፥ ልቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ለብረት በርና ለመስኮት የተሠራ ቀለም ለሕፃን እጅ አልተሠራም። በቀድሞ ዘመን የሚያበራው ቢጫና ቀይ ብዙ ጊዜ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ነበር፤ በአሮጌ ጣሳና በአሮጌ በር ላይ ዛሬም ሊገኝ ይችላል። እርሳስ ወደ ሕፃን ሰውነት ሲገባ አእምሮውን ይጐዳል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ጕዳት የለውም የሚባል መጠን አልታወቀም ይላል። ስለዚህ የኢትዮጵያ መንግሥት በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። የጣሳውን ዕድሜና ምንነት የሚናገር ጽሑፍ ከሌለ ማን ሊመሰክርለት ይችላል? የማይታወቅ ጣሳ ለአጥር ይሁን፤ ለልጅ አይሁን። ልጅ ብሩሹን በአፉ እንደሚያሾል፥ በጥፍሩ ውስጥ ቀለም ይዞ ዳቦ እንደሚቈርስ የማያውቅ ወላጅ የለም።

ለሦስተኛው ወገንም ተመሳሳይ ቃል ይነገር። የጥንት ነገር ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ብሩህ ቢጫ የነበረው አንዱ ድንጋይ አርሴኒክ የተባለ መርዝ ያለበት ነው፤ እንደ ደም የቀላው ሲናባር ከሜርኩሪ የመጣ ነው፤ በኤውሮጳ ሠዓልያን ዘንድ ብዙ ዘመን የተወደደው ነጭ ከእርሳስ የተሠራ ነበር። የቀደሙት ሰዎች እነዚህን የመረጡት የተሻለ ስላልነበራቸው ነው፤ ዛሬ የተሻለ ሳለ በልጅ እጅ ማስያዝ አባቶችን መከተል አይደለም። ነገር ግን ከዚያው ከጥንቱ መዝገብ ያለ ፍርሃት የሚወረስ አለ። ቀይ አፈርና ቢጫ አፈር፥ የከሰል ዱቄት፥ ከድስት ሥር የሚፋቅ ጥላሸት፥ ነጭ የጠመኔ ዱቄት፥ እነዚህ በውሃ ተበጥብጠው፥ በወንፊት ጨርቅ ተጠልለው፥ በሙጫ ቢለወሱ አራት ቀለም ይሆናሉ። አፈሩም ከፋብሪካ ፍሳሽና ከመንገድ ዳር ርቆ ከንጹሕ ስፍራ ይቈፈር። በገዛ እጁ አፈር ፈጭቶ ቀለም ያወጣ ልጅ ቀለም ከሱቅ እንደማይበቅል፥ ዱቄትና ማያያዣም ምን እንደ ሆኑ ያለ ብዙ ቃል ይረዳል።

ለአንደኛው ወገን ምክር ደግሞ የቅኔ ቤት ራሱ መልስ አለው። ለቅኔ የገባ ተማሪ ከመወድስ አይጀምርም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ዘአምላኪየ ይወጣል፤ ሚበዝኁን ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። መምህሩ ተማሪውን በጉባኤ ቃና የሚያቈየው መወድስን ነፍጎት አይደለም፤ ስሕተቱ ትንሽ በሆነበት ስፍራ እንዲሳሳት ፈልጎ ነው። የዘይት ቀለምና የተወጠረ ሸራ መወድስ ነው። ውድ ነው፤ ቶሎ አይደርቅም፤ ማቅጠኛው ይሸታል፥ እሳትም ይወዳል። ጥሬ ጨርቅ ላይ ቢቀባ ዘይቱ ጨርቁን ቀስ በቀስ ያሻክረዋልና አስቀድሞ ሙጫና ልባስ ይፈልጋል። ደግሞም ዘይት ያነሰው ከታች፥ ዘይት የበዛው ከላይ ካልሆነ ፊቱ ይሰነጠቃል። ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሊሸከም አይችልም፤ በውድ ሸራ ላይ የተቀመጠ ልጅም ሸራውን እንዳያበላሽ ስለሚፈራ እጁ ይታሰራል። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቋሙ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ከዚህ ደብር ልጆችም ወደዚያ የሚደርስ ቢገኝ መወድሱን በዚያ ይቀኛል፤ የደብሩ ድርሻ ጉባኤ ቃናውን ማጽናት ነው።

እንግዲህ የትምህርቱ ሥርዐት እንዲህ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ደረጃ ልጁ በከሰልና በጠመኔ በካኪ ወረቀት ላይ ይሣል። ወረቀቱ ርካሽ ነው፤ ቢበላሽ አያሳዝንም፤ መልኩ ደብዛዛ ስለ ሆነም ጥቁሩ ጥላን፥ ነጩ ብርሃንን ያስተምራል። የጋዜጣ ወረቀት ግን ቢጫ ሆኖ ስለሚሰባበር ልጁ ሊያቈየው የሚፈልገው ሥራ በእርሱ ላይ አይሠራ። በሁለተኛው ደረጃ ለትምህርት ቤት ተብሎ የተሠራ፥ መርዝ የሌለበት መሆኑ በላዩ የተጻፈ የውሃ ቀለም ወይም ፖስተር ቀለም ይሰጠው፤ እርሱም ነጭ፥ ጥቁር፥ ቀይ፥ ቢጫና ሰማያዊ፥ አምስት ብቻ ይሁን። ከአምስቱ አረንጓዴውንና ሐምራዊውን ራሱ ያወጣዋል፤ ሃያ አራት ቀለም ያለበት ሣጥን የሚሰጠው ልጅ ግን መምረጥን እንጂ ማዋሐድን አይማርም። ለዚህ ደረጃ ወረቀቱ ወፈር ያለ ይሁን፤ ስስ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል።

በሦስተኛው ደረጃ ልጁ ገጹን ራሱ ያዘጋጅ። ከአናጢ ቤት የተረፈ የደረቀ ሳንቃ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፤ ነጭ ኮላ በውሃ ቀጥኖ አንድ ጊዜ ይቀባ፤ ከዚያ ኮላውና የጠመኔ ዱቄት ተለውሶ አራት ጊዜ ወይም አምስት ጊዜ ስስ አድርጎ ይደራረብ፤ እያንዳንዱ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይከተል። ጀርባውም ቢያንስ አንድ ጊዜ ይቀባ፤ በአንድ ፊቱ ብቻ የተቀባ ሳንቃ ይጣመማልና። አቡጀዴ የሚመርጥም በሳንቃው ላይ በኮላ ወጥሮ ለጥፎ ልባሱን በዚያ ላይ ያድርግ፤ ይህ የጎንደሮቹን ጥበብ በትንሹ መድገም ነው። የሕንጻ ጀሶ ግን ለዚህ አይቸኰልበት፤ ውሃ ሲነካው በዕቃው ውስጥ ይደርቃልና። በዚህ ገጽ ላይ አክሪሊክ ይስማማል፤ በውሃ ይቀጥናል፥ ቶሎ ይደርቃል፥ አይሸትም። በአክሪሊክ ላይ የዘይት ቀለም ሊቀባ ይችላል፤ በዘይት ላይ አክሪሊክ ግን አይያዝም። ከዚህ ሁሉ በኋላ በትዕግሥቱ የታወቀ ጐልማሳ ተማሪ፥ መስኮቱ በተከፈተ ክፍል፥ ዐዋቂ እየጠበቀው የዘይት ቀለምን ይንካ።

አንድ ነገር ገና ቀርቷል፤ እርሱም የብሩሹ እጣቢ ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የከተማዪቱን እድፍ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በዳርቻቸውም ጐመንና ሰላጣ የሚያበቅል ገበሬ አለ። ወንዙ የፋብሪካው እድፍ አንሶት የሥዕል ቤቱ አይጨመርበት። ብሩሹ ከመታጠቡ በፊት በጨርቅ ይጠረግ፤ እጣቢው በባልዲ ውስጥ ይደር፤ ዝቃጩ ሲቀመጥ በጨርቅ ተጠልሎ ደርቆ ከቆሻሻ ጋራ ይወገድ። የዘይት ማቅጠኛ ጨርሶ ወደ ቦይ አይፈስስ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅም ተጨብጦ አይጣል፤ በራሱ ጊዜ ሞቆ እሳት ሊያነሣ ይችላልና ተዘርግቶ ይድረቅ። የመልአክ ሥዕል ለመሥራት የጐረቤትን ውሃ ማሳደፍ ለሥዕሉም ለሠዓሊውም አይስማማም።

እንግዲህ የተዋጣው ገንዘብ ከሦስቱ ወገኖች የማንንም ምክር ሳይጥል ሊሠራበት ይችላል። ከአንደኛው ወገን ጥሩ ነገር ለልጅ ይገባዋል የሚለው ይወሰድ፤ ይኸውም በጥቂት ጥሩ ብሩሾች፥ በአምስቱ ቀለሞችና በወፍራም ወረቀት ይገለጥ። ከሁለተኛው ወገን የተረፈውን ማምጣት የሚለው ይወሰድ፤ ነገር ግን የሚመጣው ጣሳ ሳይሆን ገጽ ይሁን። አናጢ የሆነ የሳንቃ ቍራጭ፥ ሸማኔና ልብስ ሰፊ የሆነ የአቡጀዴ ቅዳጅ፥ በፋብሪካ የሚሠራ ንጹሕ ካርቶን፥ ባለ ሱቅ የሆነ ካኪ ወረቀት ያምጣ። ከሦስተኛው ወገን አፈር የመፍጨት ጥበብ ይወሰድ፤ ሽማግሌዎቹ አንድ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋራ ተቀምጠው ያሳዩአቸው። እንዲህ ከሆነ አብዛኛው ገጽ ያለ ገንዘብ ይገኛል፤ ገንዘቡም ለቀለሙ ይተርፋል።

ባስልኤል የምስክሩን ድንኳን ዕቃ እንዲሠራ በስሙ በተጠራ ጊዜ የተሰጠው ጥበብ የወርቅና የብር ብቻ አልነበረም፤ እንጨቱን መጥረብም ነበረበት። በወርቅ የተለበጠው ታቦት ከወርቁ በታች እንጨት ነው። በዚህ በሃምሳኛው ዓመት በዓል የደብሩ ሰዎች ያዩት ሁሉ ጣሪያውና ጕልላቱ ነው፤ ሕንጻውን የተሸከመው ግን ከመረሬው በታች ወርዶ ጽኑ መሬት የነካው፥ ማንም የማያየው መሠረት ነው።

በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የመልአኩ አንድ ክንፍና ግማሽ ፊት አሁንም ይታያል። አንዳንዶች በኖራ ይሸፈን ብለዋል። ከመሸፈኑ በፊት ግን ሁለቱ ልጆች ይጠሩና በእጃቸው ዳስሰው ይመልከቱት፤ የቀለሙ ልጣጭ ጀርባ ላይ የልስኑ ዱቄት ተለጥፎ መውጣቱን ይዩ። ያን ጊዜ የተላጠው ግድግዳው እንጂ የእነርሱ መሥመር እንዳልሆነ፥ የቀረው ፊት ደግሞ በሚገባ የተሣለ መሆኑን ዐይናቸው ይነግራቸዋል። ከዚያም በኋላ አንድ አንድ የደረቀ ሳንቃና የብርጭቆ ወረቀት ይሰጣቸው።